አንድ ፎቶ ከፊት፣ አንድ ፎቶ ከኋላ

(በአብያታ ሻላ ፓርክ ለማስተማሪያ የሚሆን ፎቶግራፍ ስለማንሣት)



ባለፈው እትም ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች አዘገጃጀት የቀረበውን ጽሑፍ እንዳነበባችሁት እናምናለን። እኛ ዛሬ የምናቀርበው የዚያን ቀጣይ ሲሆን፣ ርእሱም ፎቶግራፍን ለማስተማሪያ ማዘጋጀት ነው። ምሳሌያችን ከሩቅ የመጣ አይደለም። ከመቂ ተነሥቶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው።

እኛ ስምንት ሠልጣኞች በ2017 ዓ.ም. ለማስተማር ልምምድ መቂ ተመድበን ሳለን ወደዚሁ ፓርክ ሁለት ጊዜ ሄደናል። አንደኛው ጉዞ በጥር፣ ሁለተኛው በመጋቢት ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ያማሩ ፎቶዎች አስገኘልን፤ ትምህርት ግን አላስገኘልንም። የሁለተኛው ጉዞ ፎቶዎች ያን ያህል አያምሩም፤ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ይህ ለምን ሆነ? ጽሑፋችን የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

1. የልጆቹ ሦስት ጥያቄዎች

ከመጀመሪያው ጉዞ እንደተመለስን አሥራ ሁለት ፎቶዎች መርጠን፣ ፎቶ ቤት አሳጥበን፣ በካርቶን ላይ ለጥፈን 6ኛ ክፍል ገባን። ትምህርቱ የአካባቢ ሳይንስ ነበር። ልጆቹ ፎቶዎቹን ሲያዩ «ወይኔ!» እያሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኛም ደስ አለን። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም።

አንደኛው ጥያቄ ከፊት ወንበር መጣ። «ቲቸር፣ ይኸ የሚፈላው ጉድጓድ ስንት ይሆናል? እኔ ብገባ ይውጠኛል?» ከእኛ አንዱ «የጎጆ ቤት ያህላል» ሲል፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት «ኧረ የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ቢያህል ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፎቶው ላይ ከውሃና ከእንፋሎት በቀር ምንም ነገር ስላልነበረ ማናችን ትክክል እንደሆንን ማረጋገጥ አልቻልንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ፦ «ወፎቹ በሁሉም ፎቶ ላይ የሚሸሹት ለምንድን ነው? ምን አደረጋችኋቸው?» የሚል ነበር። ለዚህ መልሱን እናውቀው ነበር፤ አፍረን ዝም አልን እንጂ።

ሦስተኛውን የጠየቀችው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት። «ይኸ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች። «ከወንዝ» አልናት። «ከየትኛው ወንዝ?» ስትል «ነገ እንነግራችኋለን» ብለን ደወሉ አወጣን። «ነገ እንነግራችኋለን» ሳይዘጋጅ ክፍል የገባ መምህር መጠጊያ መሆኑን ያን ቀን ተረዳን።

ማታ ካርታ ዘርግተን ስናይ መልሱ አስደነገጠን። ወንዙ እኛው ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በየቀኑ የምንሻገረው ነበር። ለካ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚባለው እውነት ነው!

2. ፓርኩ በአጭሩ

ወደ ፎቶው ሥራ ከመግባታችን በፊት ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፓርኩ በ1963 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው በተለይ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ ነው። ሲከለል ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚህም 482 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ውሃ ነበር። ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በመደርመሱ የተፈጠረ ገደል ውስጥ የተኛ ነው። ጥልቀቱ ወደ 260 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል እሱን የሚያህል ጥልቅ የለም። አብያታ ግን ሜዳ ላይ የተንጣለለና ጥልቀት የሌለው ነው። ለልጆች ስናስረዳ ሻላን በጋን፣ አብያታን በትሪ መመሰል ይቻላል። ከጋን አንድ ኩባያ ቢቀዳ ማንም ልብ አይለውም። ከትሪ አንድ ኩባያ ሲቀዳ ግን የትሪው ወለል ይታያል። ይህን ምሳሌ አንባቢው በልቡ ይያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

3. ፍል ውሃን ፎቶ ማንሣት

በሻላ ዳርቻ ፍል ውሃዎች አሉ። የዝናብ ውሃ በመሬት ስንጥቆች ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፤ እዚያ በጋለ ዓለት ይሞቃል፤ ሲሞቅም ቀለል ስለሚል በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። በመንገዱ ከዓለቱ ያሟሟውን ማዕድን ተሸክሞ ስለሚመጣ በዳር በዳሩ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ከባቱ (ዝዋይ) አልፈን ወደ ፓርኩ ስንሄድ በስተግራ በኩል የሚታየን የአሉቶ ተራራም በዚሁ ሙቀት የታወቀ ነው። በዚያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ያገኙ ሲሆን፣ በአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለውም እዚያው ነው።

ፎቶ የሚያነሣ ሠልጣኝ የሚከተሉትን ልብ ይበል።

ሀ) ሰዓት። እንፋሎት ብለን የምናየው ነጭ ነገር የውሃ ተን ብቻ አይደለም፤ ተኑ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብነት ተለውጦ ነው የሚታየን። ስለሆነም ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እንፋሎቱ ወፍሮ ይታያል። እኛ መጀመሪያ የደረስነው በስድስት ሰዓት ነበረና ከሚፈላው ውሃ በላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ጉዞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስንደርስ ቦታው ጠላ የሚጠመቅበት ግቢ መስሎ ጠበቀን።

ለ) የፀሐይ አቅጣጫ። ፀሐይ ከእንፋሎቱ በስተጀርባ ስትሆን እንፋሎቱ ያበራል። ፀሐይ ከእኛ ጀርባ ስትሆን ግን ከነጩ ቅርፊት ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። በተጨማሪም ነጭ ነገር የበዛበት ቦታ ካሜራን ያታልላል። ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። መፍትሔው ብርሃኑን በእጅ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ነክቶ የብርሃን ምልክቷን ወደ ላይ መሳብ ይበቃል።

ሐ) ሌንስ። ቀዝቃዛ ሌንስ በእንፋሎት ውስጥ ሲገባ ልክ እንደ መነጽር ይደፈናል። በጨርቅ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ማዕድኑን መስተዋቱ ላይ መፈተግ ነው። ካሜራው እስኪሞቅ ትንሽ መጠበቅና ከነፋሱ መምጫ በኩል መቆም ይሻላል።

መ) መለኪያ። የመጀመሪያው ልጅ ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ አዘጋጅተን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ነጭና ጥቁር ቀባነው። ዱላውን ከጉድጓዱ አጠገብ በጠንካራው መሬት ላይ አጋድመን አነሣን። ጉድጓዱ ከዱላው ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ጎጆም አይደለም፣ ሳፋም አይደለም፤ ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ሰውን መለኪያ ማድረግ ግን ክልክል ነው። ቅርፊቱ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል የረገጠው ሰው ሊሰምጥ ይችላል።

ሠ) ሙቀት። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው ብለን የተማርነው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ቦታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የሻላ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,560 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአካባቢው ሰዎች በቆሎ የሚቀቅሉበት ፍል ውሃ ስላለ ይህን ለልጆች ማስረዳት ቀላል ነው። ቀለምም እንደ ቴርሞሜትር ያገለግላል። በሙቅ ውሃ ውስጥ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ጥቃቅን ሕያዋን ከ73 ዲግሪ ገደማ በላይ መኖር አይችሉም። ስለዚህ ውሃው ከምንጩ እየራቀ ሲፈስ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ምንጣፍ ከታየ፣ እዚያ ላይ ከዚህ በታች ቀዝቅዟል ማለት ነው። ይህን መስመር የያዘ አንድ የቀለም ፎቶ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል።

ረ) ሰው። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው። ፍል ውሃው መታጠቢያም ነው፤ ሰዎች ለሕመማቸው ይመጡበታል። በመጀመሪያው ጉዞ ከእኛ አንዱ፣ ሴቶች ከሚታጠቡበት በኩል እንፋሎቱ አምሮት ስልኩን አነሣ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በኦሮምኛ ተናገሩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልጄ፣ እናትህንም እንዲህ ታነሣታለህ?» ማለታቸው ነው። ልጁ ቀርቦ «ይቅርታ እማማ» አለና ፎቶውን እያዩት ደመሰሰው። እሳቸውም መርቀው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ነው፤ ሰው ካለበት መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ካሜራ መጨረሻ።

4. ወፎችንና የዱር እንስሳትን ፎቶ ማንሣት

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ወፎቹ የሚሸሹት ለምን ነበር?

ፍላሚንጎዎቹን በአብያታ ዳር ያገኘናቸው መቶ ሜትር ያህል ርቀው ነው። የተዋስነው ካሜራ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረው። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍ በ100 ሜትር ርቀት በዚህ ሌንስ ምን ያህል ሆኖ ይነሣል? ስሌቱ ቀላል ነው። የወፉ ቁመት ለርቀቱ ተካፍሎ በሌንሱ ይባዛል፤ 0.9 ÷ 100 × 200 = 1.8 ሚሊ ሜትር። የፎቶው ቁመት በካሜራው ውስጥ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ወፉ ከፎቶው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት ቀድመን ብንሠራው ኖሮ ቁጭ ብለን በጠበቅን ነበር። እኛ ግን «ትንሽ ሆኑብን» ብለን፣ ሁለታችን እጃችንን እያወዛወዝን ሮጥን፤ ወፎቹም ተነሡ። ሰማዩ ሮዝ ሆነ፤ ካሜራው ተንጣጣ።

አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት ዝም ብሎ አየን። ከዚያ ረጋ ብሎ «ልጆች፣ እናንተ ምሳ ስትበሉ አንድ ሰው እየመጣ ቢያስነሣችሁ ደስ ይላችኋል?» አለን። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አልነው። «ለእናንተ አንድ ጊዜ ነው። ከእናንተ በፊት የመጡትም አንድ ጊዜ ነው ብለዋል» ብሎ መለሰልን።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። አብያታ ላይ ሁለት ዓይነት ፍላሚንጎዎች ይታያሉ። ትንሹ ፍላሚንጎ ምንቃሩ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ በጨዋማና ሶዳማ ውሃ የሚበቅለውን ስፒሩሊና የተባለ በዓይን የማይታይ አልጌ እያጠለለ ይበላል። ትልቁ ፍላሚንጎ ረዘም፣ ነጣ ያለና የምንቃሩ ጫፍ ብቻ ጥቁር ሲሆን፣ በጭቃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን ይለቅማል። የላባቸው ሮዝ ቀለም የሚመጣው ከምግባቸው ነው። ምግባቸው ደቃቅ በመሆኑ ለመጥገብ ረጅም ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው ማጥለል አለባቸው። ለመነሣት ደግሞ በውሃው ላይ እየሮጡ ክንፋቸውን ማራገብ ግድ ይላቸዋል። ስለዚህ ያለ ምክንያት ያስነሣነው ወፍ ያጠራቀመውን ጉልበት ያባክናል፣ የሚበላበትንም ሰዓት ያጣል። ትንሹ ፍላሚንጎ በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚፈለፍለው በታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ መሆኑን ስናስብ፣ እኛ ዘንድ የመጣ እንግዳ ነውና እንግዳን ከማዕድ ማስነሣት ነውር ነው።

በሁለተኛው ጉዞ እንዲህ አደረግን። ጠዋት ደርሰን፣ ከጭቃው ወዲህ በጠንካራው መሬት ላይ ተቀመጥን። ሳንነጋገር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ወፎቹ እየበሉ እየበሉ ወደ እኛ ቀረቡ። ያን ዕለት ያነሣነው አንገት ደፍቶ የሚመገብ ፍላሚንጎ ነው፤ ምንቃሩ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ሲገባ ይታያል። «እንዴት ይበላል?» ለሚል ልጅ ከሚሸሽ መንጋ ይልቅ ይኸኛው ያስተምራል።

ወፉ በራሱ ፈቃድ ቢበር ደግሞ ፍጥነትን ማስላት ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚበር ወፍ በሴኮንድ 15 ሜትር ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ ለ1/60 ሴኮንድ ከተከፈተ ወፉ በዚያች ቅጽበት 25 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ ፎቶው ይንሻፈፋል። ለ1/1000 ሴኮንድ ከሆነ ግን የሚሄደው 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ለ6ኛ ክፍል የሒሳብ መልመጃ ማድረግም ይቻላል።

በፓርኩ ደረቅ ክፍል ሰጎን፣ ከርከሮና የግራንት ሚዳቋ አሉ። ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ስታዩ በእሷና በልጆቿ መካከል አትግቡ። ሰጎንም ብትሆን በርግጫ ሰው ትጎዳለች። ስካውቱ ቁሙ ካለበት አንድ እርምጃ አለማለፍ ነው።

5. ከኋላችን የነበረው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ፎቶዎች ያየ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ሐይቁ በወፍ ተሞልቷል፤ ደህና ነው ማለት ነው።» ልጆቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ታዲያ ፎቶው አልዋሸም፤ ወፎቹ በእርግጥ ነበሩ። ነገር ግን ስናነሣ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ውሃው አድርገን ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ከእኛ አንዷ «እስቲ እንዙር» አለች። ዞርን። ከኋላችን የነበረው ነጭና የተሰነጣጠቀ ሜዳ ነው። ከሣሩ ጠርዝ እስከ ውሃው ድረስ እርምጃችንን ስንቆጥር ከሺህ አለፈና ቁጥሩ ተምታታብን። ያ ሁሉ ሜዳ ድሮ የሐይቅ ወለል ነበር።

ከሐምሌ 1964 ዓ.ም. ጀምሮ ላንድሳት የተባሉ ሳተላይቶች ምድርን ከላይ ፎቶ ሲያነሡ ቆይተዋል። የእነሱ ፎቶዎች ተነጻጽረው ሲታዩ የአብያታ ስፋት ከ1960ዎቹ ወዲህ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሻላ ግን ያን ያህል አልተለወጠም። የጋኑንና የትሪውን ምሳሌ እዚህ ላይ አስታውሱ። የአብያታ ዳር ዝንባሌው በጣም ትንሽ ነው። ለምሳሌ ያህል ዳሩ በየ500 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ቢሆን፣ ውሃው በቁመት 1 ሜትር ሲጎድል ዳሩ 500 ሜትር ይሸሻል።

ውሃው ለምን ጎደለ? በአጭሩ የውሃውን መንገድ እንከተል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ በከተማችን በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከአርሲ ተራሮች ደግሞ ከታር ይመጣል። ዝዋይ ሲሞላ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ውሃ ያገኛል። ከአብያታ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ውሃው የሚሄደው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ የቀነሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ አብያታ ላይ ይታያል። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ የመስኖ እርሻ ሰፍቷል፤ በባቱ የአበባ እርሻዎች አሉ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከራሱ ከአብያታ ውሃ እየተሳበ በገንዳ በማትነን ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል። ቡልቡላም በበጋ የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ።

በእርግጥ ሐይቆች ያለ ሰው እጅም ይሞላሉ፣ ይጎድላሉ። ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ትርፉም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የጎደለው ዝናብ ሲቀንስ ነው። ልዩነቱ ያኛው ለውጥ በብዙ መቶና ሺህ ዓመታት የመጣ ሲሆን፣ ይኸኛው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መሆኑ ነው።

ወፎቹስ? ውሃው ሲያንስ ጨውና ሶዳው ይከማቻል። ድሮ በአብያታ ዓሣ ነበር፤ ጨዉና ሶዳው ሲበረታ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ነጭ ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያገኙት በቅርቡ ከአብያታ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። ስፒሩሊና ግን ጨዋማ ውሃ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ትንሹ ፍላሚንጎ ይኖራል። እንግዲህ እኛ «ሐይቁ ደህና ነው» ብለን ያሳየነው ፎቶ ውስጥ ያልነበረው ፔሊካን ነው። በፎቶ ላይ የሌለውን ማየት ከባድ ነው፤ ማሳየት የመምህሩ ሥራ ነው።

6. ፎቶው ክፍል ውስጥ ሲገባ

በመጋቢት ሁለት ፎቶ ይዘን ተመልሰን ክፍል ገባን። አንዱ ከፊት፣ ወፎቹ ሲመገቡ፤ ሌላው እዚያው ቦታ ላይ ቆመን ዞረን ያነሣነው፣ ነጩ ሜዳ። የውሃውንም መንገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣልን። ከኋላ የምትቀመጠዋ ልጅ ጥያቄዋን እንዳልረሳች ከዓይኗ ያስታውቅ ነበር።

ሥዕሉ አልቆ መቂ ላይ ምልክት ስናደርግ እጇን አወጣች። «እንግዲያው አባባ በፓምፕ የሚስቡት ውሃ እዚያ አይደርስም ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ልጅ «አባትሽ ናቸው ያደረቁት!» ብሎ ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፋች።

ውድ ሠልጣኞች፣ ይህን ቅጽበት ማንም መጽሐፍ አላስተማረንም። ካሜራ አስተካክሎ መያዝ ቀላል ነው፤ ከባዱ ፎቶው በአንድ ልጅ ላይ ሲወድቅ ማንሣቱ ነው። ከእኛ አንዱ የሳቀውን ልጅ «ዛሬ ጠዋት ቲማቲም ያለበት ወጥ የበላ እጁን ያውጣ» አለ። ብዙ እጅ ወጣ፤ የእሱም ወጣ። «እንግዲህ ያንን ውሃ ሁላችንም ጠጥተነዋል» አልናቸው። አንድ ፓምፕ ሐይቅ አያደርቅም። ብዙ ፓምፕ፣ ትልልቅ እርሻ፣ ፋብሪካ፣ የዝናብ እጥረትና ፀሐይ ተደምረው ነው። ያ ውሃ ደብተር ገዝቷል፣ ዩኒፎርም አሰፍቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ያንኑ ቲማቲም ባነሰ ውሃ እንዴት እናብቅል?» ነው። በቀትር ከማጠጣት ይልቅ ማታ ወይም ማለዳ ማጠጣት፣ ቦዩን ከሣርና ከስንጥቅ ማጽዳት፣ አቅም ላለው ደግሞ በጠብታ መስኖ መጠቀም መኖሩን ልጆቹ ራሳቸው ከቤታቸው እያነሡ ዘረዘሩ። ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

በማግስቱ ልጅቱ በደወል ሰዓት ወደ እኛ መጣች። «አባባን ማታ ማታ ቢያጠጡ ውሃ ይተርፋል አልኳቸው» አለች። «ምን አሉሽ?» አልናት። «ሳቁ። ናፍጣው እንኳ ውድ ነው፣ እኔስ ውሃ ማባከን መች ወደድኩ፤ መምህሮችሽ እውነታቸውን ነው አሉ» ብላ እየሮጠች ሄደች።

7. ለምን ይህን ያህል ተጨነቅን?

ፎቶግራፍ የአንድን ቦታ ዕጣ የወሰነበት ጊዜ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ዊሊያም ሄንሪ ጃክሰን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በአሜሪካ የሎውስቶን የሚገኙትን ፍል ውሃዎች ከጥናት ቡድን ጋር ሄዶ አነሣ። ፎቶዎቹ ቦታውን አይተው ለማያውቁት የአገሪቱ ሕግ አውጪዎች ቀርበው ለውሳኔያቸው ረዱ፤ በማርች 1872 የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የእኛ ፎቶ ሕግ አያስወጣም። ነገር ግን ከዓመት ዓመት ከአንድ ቦታ ከተነሣ ሐይቁ እየሸሸ ይሁን እየተመለሰ ለሚመጡት ተማሪዎች ይመሰክራል።

ይህም እንዲሆን ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የሚከተለው ይጻፍ፦ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ፊታችን ወደ የት አቅጣጫ እንደነበረ፣ መለኪያው ምን እንደሆነ፣ የቆምንበት ምልክት፣ ያነሣው ሰው። ይህ ያልተጻፈበት ፎቶ ጌጥ ነው እንጂ መረጃ አይደለም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በመጀመሪያው ጉዟችን የሠራናቸውን ስሕተቶች ዘርዝሩ። የትኛው የካሜራ፣ የትኛው የሰው ስሕተት ነው?
2. ቁመቱ 1.4 ሜትር የሆነ ትልቅ ፍላሚንጎ በ70 ሜትር ርቀት በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስንት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይነሣል?
3. በምትመደቡበት ከተማ ያለው ወንዝ መጨረሻው የት ነው? ካርታ ሳታዩ ሣሉት፤ ከዚያ በካርታ አርሙት።
4. የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ሥራ ከምታስተምሩት ችግር ጋር ቢያያዝ ልጁን ሳታሳፍሩ እውነቱን እንዴት ታስተምራላችሁ?

ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ሁለት ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከሥራቸው የተተወው ባዶ ቦታ የተረሳ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ መቂ የሚመደቡ ሠልጣኞች ከዚያው ቦታ ቆመው የሚያነሡት ፎቶ የሚለጠፍበት ነው። የቆምንበትን ምልክት ከፎቶው ጀርባ ጽፈነዋል፤ ባለ አንድ ሜትሩም ዱላ የመርጃ መሣሪያ ክፍል በር ጥግ ቆሟል። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ወፎቹንም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።